ከበሩ ሦስተኛ

በሰፈሩ ውስጥ በስሙ የሚጠራው አንድም ሰው የለም። ማዘጋጃ ቤት ቀያሽ ሆኖ ሠላሳ አራት ዓመት ሲሠራ ኪሱ ከሜትር ተለይቶ ስለማያውቅ ስሙም ሜትር ሆኖ ቀረ። ጡረታ ሲወጣ ቢሮውን አስረከበ፣ ወንበሩን አስረከበ፣ ሜትሩን ግን አላስረከበም። ሰው ቤት እንግዳ ሆኖ ሲገባ፣ ሻይ እስኪቀርብለት ድረስ መስኮቱን በዓይኑ ሲለካ ይቆይና፣ «ይቺ ነገር በግራ በኩል ሁለት ሳንቲ ሜትር አልወረደችም?» ብሎ የቤቱን ባለቤት ለአንድ ወር እንቅልፍ ይነሳል። ሲከራከሩት ሙግት አይገጥምም። ሜትሩን ስቦ ይዘረጋና፣ «ሰው ይሳሳታል፣ ሜትር አይሳሳትም» ይላል። ይህችን አባባል ከአባቱ እንደወረሳት መሬት ይኮራባት ነበር።

ቄሱ አስጠርተው፣ «የታችኛውን ረድፍ አደራ» ያሉት እንዲህ ያለውን ሰው ነው። በቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ግቢ ሁለት ዓይነት ሙታን አሉ። በደጃፉ ፊት ለፊት ያሉት እብነ በረድ የለበሱ፣ ታሪካቸው በወርቅ ቀለም የተጻፈላቸው ናቸው፤ ስለእነሱ የማያውቅ የለም፣ ማወቅ የሚፈልግም የለም። ከታች በኩል፣ የግንቡን አጥር ተከትለው የተኙት አሥራ ሰባቱ ግን ዳቦ ጋጋሪ፣ ባለ ሉካንዳ፣ ፀጉር አስተካካይ፣ ፖስተኛ፣ ልብስ አጣቢ ናቸው። ያላቸው ነገር ቢኖር ቁጥር የተመታበት የዛገ የብረት ችካል ነው። ቤተ ክርስቲያኑ መቶ ዓመት ሊሞላው ስለሆነ፣ ኮሚቴው ስለእነዚህም አንዲት ትንሽ መጽሐፍ እንድትታተም፣ ለእያንዳንዳቸውም ስም የተቀረጸበት ድንጋይ እንዲቆም ወሰነ። ማን የት እንደተኛ የሚያሳየውን ካርታና ማን ምን ሆኖ እንደኖረ የሚናገረውን ጽሑፍ የሚያዘጋጀው ሜትር ነው። ድንጋይ ጠራቢው ሲሚንቶውን የሚያቦካው ሰኞ ጠዋት ነው ተባለ።

ሜትር በወግ በወጉ ጀመረው። ባለ ካሬ ደብተር ገዝቶ እያንዳንዱን ገጽ ለሁለት ከፈለ፤ በግራ «ቤተሰብ የሚለው»፣ በቀኝ «ጎረቤት የሚለው»። እውነቱስ የት አለ ሲሉት፣ «መሀሉ ላይ ነው፣ ለክቼ አገኘዋለሁ» ይል ነበር። የሞተ ልጅ አንገቱ ረጅም ነው እንደሚባለው፣ የግራው ዓምድ በመላእክት ተሞላ። የፖስተኛው ልጅ፣ «አባዬ የሰው ደብዳቤ አንድ ቀን እንኳ አሳድሮ አያውቅም» አለችና እንባዋን ጠረገች። ጎረቤቶቹም አልካዱም። አያሳድርም ነበር፤ መንገድ ላይ አንብቦት፣ መልሱ ምን መሆን እንዳለበት ጭምር እየመከረ ነበር የሚያደርሰው። የልብስ አጣቢዋ ሦስት ወንዶች ልጆች ደግሞ በየተራ ለብቻ ለብቻቸው እየመጡ፣ «እናታችን አብልጣ የምትወደው እኔን እንደነበር ጻፍልኝ፣ ለወንድሞቼ ግን እንዳትናገር» አሉት። ሜትር ሁሉንም ጽፎ ሲያበቃ፣ ለመጽሐፉ «ሦስት ልጆች ነበሯት፣ እያንዳንዳቸውንም አብልጣ ትወድ ነበር» ብሎ አስማማው። በዚህች ዓረፍተ ነገር የኮራውን ያህል ቀይሶ ባወጣው መንገድ ሁሉ አልኮራም።

ከአሥራ ሰባቱ አንዱ፣ ከበሩ ሦስተኛው፣ የእህቱ ባል ነው። እህቱን እትዬ ይላታል። በአሥራ ሁለት ዓመት ትበልጠዋለች፤ እናታቸው ስትሞት አዝላ ያሳደገችው እሷ ናት፤ ስድሳ ስምንት ዓመት ሞልቶትም «አንተ ልጅ» ነው የምትለው። ባሏ ዳቦ ጋጋሪው ከሞተ ሃያ ስድስት ዓመት ሆነው። በእነዚህ ዓመታት ዝናብ ካላገዳት በቀር አንድም ቅዳሜ ሳታጓድል፣ ታጣፊ ወንበርና የሻይ ፔርሙዝ ይዛ ሦስተኛው ችካል ጎን ስትቀመጥ ኖራለች። ልታለቅስ እንዳይመስላችሁ። ልትጨቃጨቅ ነው። የሳምንቱን ወሬ ትነግረዋለች፣ በሕይወቱ ሳለ የሠራውን ጥፋት አንድ በአንድ ታነሳለች፣ መልስ እስኪሰጣት ትንሽ ዝም ትላለች፣ መልሱ ሲዘገይ ደግሞ እንደገና ትጀምራለች። ሜትር ከልጅነቱ ጀምሮ ከዚህች ምላስ በስተቀር የሚፈራው ነገር የለም፤ ከዚህች ሴት በላይ የሚወደውም የለም።

ባለፈው ወር ሐኪም ልቧን መርምሮ፣ «ደረጃ አትውጪ፣ አትናደጂ» አላት። ደረጃውን ተወች። ከዚያ ቀን ወዲህ ግን ሜትርን ባገኘችው ቁጥር የምትለው አንድ ነገር ሆነ። «ቦታዬ ከባሌ በስተግራ ነው። ካርታው ላይ በደንብ አስገባው፣ ስንዝር እንዳታዛንፍብኝ።»

በረድፉ በሌላው ጫፍ፣ አሥራ አምስተኛው ችካል ጋ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ሌላ ባልቴት ትመጣለች። ባለ ሉካንዳዋ ናት፤ የባለ ሉካንዳው ሚስት። እሷ ወንበር ሳይሆን የአበባ ማጠጫ ነው የምትይዘው፤ አፈሩን ታረጥባለች፣ እያጠጣች ታንሾካሹካለች። ሁለቱ ሴቶች የሚኖሩት አንድ አጥር በሚለያቸው ቤቶች ነው። በመቃብሩም ግቢ በመሀላቸው ያለው ሃያ አራት ሜትር ብቻ ነው። ሆኖም ጀርባ ለጀርባ ተሰጣጥተው ይቀመጣሉ እንጂ «እንደምን አደርሽ» እንኳ አይባባሉም።

ጠቡ የተነሣው በአውራ ዶሮ ነው። ዳቦ ጋጋሪው ሰዓት አያምንም ነበር፤ ሊጥ ለማቡካት ከእንቅልፉ የሚያስነሳው አንድ ቀይ አውራ ዶሮ ነበረው። አንድ ማለዳ ዶሮው ሳይጮህ ቀረ። ዳቦ ጋጋሪው ፀሐይ ግንባሩን እስክትመታው ድረስ ተኛ፣ ሰፈሩ ያለ ቁርስ ዋለ፣ እሱም በሥራ ዘመኑ ለመጀመሪያ ጊዜ ተዋረደ። ላባ የተገኘው በሁለቱ ቤቶች አጥር ሥር ነው። ከአጥሩ ወዲያ የሚኖረው ባለ ሉካንዳው ነው፤ ከእጁ ቢላ የማይጠፋ ሰው ደግሞ ለጥርጣሬ ይመቻል። «ዶሮዬን በላህ» አለው። «አልበላሁም» አለ። ማለ፣ ተገዘተ፣ ደረቱን መታ። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ተኳርፈው ኖሩና በአንድ የብርድ ወቅት፣ በሁለት ሳምንት ልዩነት ሞቱ። ሁለቱም ቤተሰቦች ለመቃብር ቆፋሪው የሰጡት ትእዛዝ አንድ ነው፤ «ከዚያ ሰውዬ አርቅልን።»

ነገሩ የተበላሸው ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ነው። የድሮው መቃብር ቆፋሪ ልጅ፣ ልብስ ሰፊዋ፣ የአባቷን ማስታወሻ በብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ ይዛ መጣች። «አባቴ ብዙ አይናገርም ነበር፣ ይጽፍ ነበር» አለች። ሜትር ደስ አለው። የቤተ ክርስቲያኑ መዝገብ «ከበሩ ሦስተኛ፣ ከበሩ አራተኛ» ከማለት በቀር ሌላ ቃል የለውም፤ ይኼኛው ግን ወሬ አለው። ቁጭ ብሎ እየሳቀ ማንበብ ጀመረ። ከዚያ መሳቁን አቆመ።

«ሦስተኛ። ዳቦ ጋጋሪው» ይላል ማስታወሻው። «ከውሃ ጉድጓዱ አጠገብ ስለሆነ ከሥር ውሃ አስቸገረኝ፣ ሁለቴ ቀድቼ ደፋሁ። ሬሳውም ከባድ ነው፣ ዳቦ ወዳድ።» ከጥቂት ገጾች በኋላ፣ «አሥራ አምስተኛ። ባለ ሉካንዳው። ደረቅ አፈር። አርቀው ብለውኛል፣ አራቅሁት።»

ሜትር ተነሥቶ ወደ ግቢው ወጣ። የውሃ ጉድጓዱ አፉ በሲሚንቶ ተደፍኖ ዛሬም አለ። ያለው ግን ከሦስተኛው ችካል ጎን አይደለም። ያለው በወዲያኛው ጫፍ፣ ከአሥራ ሰባተኛው አልፎ ነው። መጀመሪያ፣ መቃብር ቆፋሪው ጠጥቶ ነው የጻፈው ብሎ ራሱን አጽናና። ከዚያ አንድ ነገር ትዝ አለው። ቤቱ ሄዶ ከቁም ሣጥኑ ላይ የድሮ ፕላኖች የተጠቀለሉበትን ቱቦ አወረደ። ፕላኑ ላይ የድሮው በር የውሃ ጉድጓዱ ጎን ነው፤ በቀይ እርሳስ ተሰርዟል። አዲሱ በር በሌላው ጫፍ ተሥሏል። ከግርጌ የቀያሹ ፊርማ አለ። ፊርማውን አላጣውም፤ የራሱ ነው።

ሁለቱ ሰዎች በሞቱ ሁለት ወር ሳይሞላ መንገድ ይሰፋል ተብሎ አጥሩ ፈርሶ ነበር። ግቢው ዓመት ሙሉ የአፈርና የድንጋይ ክምር ሆነ፣ ዛፎቹ ተቆረጡ፣ የእንጨት መስቀሎቹን ዘበኞቹ ነቅለው ሞቁባቸው። አጥሩ ተሠርቶ ሲያልቅ ሰው ሁሉ ሙታኑ ጠፉበት። ያኔ ጎልማሳው ቀያሽ፣ ለእህቱ ባል ቀብር እንኳ ከሌላ ከተማ ሥራ ያልደረሰው ሜትር፣ እጅጌውን ሰብስቦ፣ መዝገቡን በአንድ እጁ ሜትሩን በሌላው ይዞ መጣ። «ከበሩ» ይላል መዝገቡ። በሩ ያውና። የቱ በር ብሎ የጠየቀ የለም። በሩን ያዛወረው እሱ ራሱ ሆኖ ሳለ እሱም አልጠየቀም። ሁለት ሁለት ሜትር እየለካ አሥራ ሰባት ችካል መታ፣ አንዱም በአንድ ሳንቲ ሜትር አልተዛነፈም። አንዳንዱ ሰው፣ «እኔስ በዚያ በኩል ይመስለኝ ነበር» ብሎ አጉረመረመ። እትዬም፣ «ከውሃው ጉድጓድ አጠገብ አልነበረም እንዴ?» ብላ ነበር። በቀብሩ ዕለት ከሰው ጫማ በቀር ያየችው ነገር ስላልነበረ፣ ሐዘን ላይ ሆና ግቢው እስኪፈርስም ስላልተመለሰች ግን አልገፋችበትም። «እትዬ» አላት ያን ጊዜ፣ «ሰው ይሳሳታል፣ ሜትር አይሳሳትም።»

ስለዚህ ረድፉ በሙሉ ተገልብጧል። የፖስተኛው ልጅ የምታለቅሰው ልብስ አጣቢዋ ላይ ነው፤ ሦስቱ ወንድማማቾች የሚፎካከሩት ፖስተኛው ላይ ነው። በትክክል የተለቀሰለት አንድ ሰው ብቻ ነው፤ ከየትኛውም በር ቢቆጠር ዘጠነኛ የሚሆነው ፀጉር አስተካካይ። እሱ በዕድሜው ሙሉ አንድም ፀጉር ቀጥ አድርጎ ቆርጦ አያውቅም ነበር። ዳቦ ጋጋሪው ደግሞ አሥራ አምስተኛው ችካል ሥር ነው። ሦስተኛው ችካል ሥር፣ እትዬ ሃያ ስድስት ዓመት ስትጨቃጨቀው የኖረችው፣ በሞት ጎኑ ልትተኛ ቦታ የያዘችለት ሰው፣ ባለ ሉካንዳው ነው።

ሜትር ያን ቀን እራት አልበላም። ዝም አይነቅዝም ብሎ አሰበ። ካርታው እንደነበረ ቢታተም ማን ያውቃል? ሙታን አይከራከሩም። ግን ደግሞ አንድ ቀን፣ እግዜር ያርቀውና፣ እትዬን ተሸክሞ ሄዶ፣ ዓይኑ እያየ፣ ባሏ ከማይወደው ሰው ጎን ሊያስተኛት ነው። ያሳደገችውን ሴት። አደራ ያለችው ደግሞ አንድ ስንዝር ብቻ ነበር።

ዓርብ ጠዋት እትዬ፣ «ካርታውን ይዘህ ና» ብላ ላከችበት። ሄደ። መነጽሯን አድርጋ ካርታውን ጠረጴዛዋ ላይ ዘረጋች፣ ጣቷን በቁጥሮቹ ላይ አስኬደች፣ ሦስት ላይ አቆመች። «እዚህ ጋ ነኝ አይደል?»

ሜትር ሜትሩን ከኪሱ አውጥቶ መሳብ፣ መልቀቅ፣ መሳብ፣ መልቀቅ ጀመረ።

«አንተ ልጅ» አለች እትዬ ቀና ሳትል። «የጎረቤት መስኮት የሰበርክ ለትም እንዲህ ነበር ያደረግኸው። ያን ነገር አስቀምጥና ተናገር።»

ተናገረ። በሩን፣ ችካሉን፣ ፊርማውን። ሲጨርስ እትዬ መነጽሯን አወለቀች። ቁጣዋን ጠብቆ ትከሻውን ሰብስቦ ነበር፤ የመጣው ግን ቁጣ አይደለም።

«ታዲያ እሱ» አለች ቀስ ብላ፣ «ይሄን ሁሉ ዓመት ብቻውን ነው?»

ሜትር እንባ እንባ አለው። ሊያጽናናት ቸኮለና ያገኘውን ተናገረ። «ብቻውንስ አይደለም እትዬ። ባለ ሉካንዳዋ አለች። በየቅዳሜው ታጠጣዋለች፣ ታወራዋለች…»

የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም። የእትዬ ጀርባ ቀጥ አለ። «ማን? ያቺ ሴትዮ? ባሌን ታወራዋለች?» አለች። «ምን ስትለው ነበር?»

«እኔ ምን አውቃለሁ?»

«አንተማ ምን ታውቃለህ! ጫማዬን አምጣ።»

ባለ ሉካንዳዋ በሩን ስትከፍት ድንች የምትልጥበትን ቢላ ይዛ ነበር። እትዬን አየች። ቢላውን አየች። ቢላውን ወደ ኋላዋ ደበቀችው።

«ሰው ሞተ እንዴ?» አለች። ሠላሳ አምስት ዓመት ያልተረገጠ ደጅ ሲረገጥ ሌላ ምን ይባላል?

«ድሮ የሞቱት ናቸው» አለች እትዬ። «ልግባ?»

ገባች፣ ሳይሏት ተቀመጠች፣ በቀጥታ ጠየቀች። «ባሌን ምን ምን ስትዪው ነበር?»

«የቱን ባልሽን?»

«ስንት አለኝ? ዳቦ ጋጋሪውን ነዋ!»

«በቁሙ ያላነጋገርኩትን ሬሳውን ላነጋግር? አንቺ ሴትዮ ልብሽን ነው አእምሮሽን ያመመሽ?»

«ይሄን ጠይቂው» አለች እትዬ፣ በአገጯ ወደ ወንድሟ እየጠቆመች።

ሜትር እንደገና ከበሩ ጀመረ። ባለ ሉካንዳዋ ሁለት ጊዜ አስደገመችው፣ ካርታውን ገልብጣ አየችው፣ ከዚያ ወደ እትዬ ዞረች። «ይሄ ነው እንግዲህ ማዘጋጃ ቤት ቀያሽ ብሎ ያኖረው?»

«እኔ ነኝ ያሳደግሁት» አለች እትዬ፣ «ስህተቱ ከኔ ይጀምራል።»

ሁለቱ በአንድ ነገር ሲስማሙ ይህ የመጀመሪያቸው ነው፤ የተስማሙትም በሱ ላይ ነው። ሜትር በሩ አጠገብ ባለች አጭር መቀመጫ ላይ ተቀመጠ። ግድግዳው ላይ የተሰቀለው ፎቶ ወደ ቀኝ ማዘንበሉን አየ፤ እንዳላየ ሆነ።

«አንቺስ?» አለች ባለ ሉካንዳዋ። «የኔን ባል ምን ስትዪው ነበር?»

እትዬ ጉሮሮዋን ጠራረገች። «ስድብ ነው። አኩራፊ፣ ግትር፣ ሲያንኮራፋ ቆርቆሮ የሚያነሳ…»

«የኔም ያንኮራፋ ነበር።»

«ግትርስ?»

«ኧረ ምኑ ይወራል!»

«እንግዲያው ብዙም አልተሳሳትኩም» አለች እትዬ።

ባለ ሉካንዳዋ ልትስቅ ብላ አፏን በመዳፏ ያዘች። ወዲያው ፊቷ ተለወጠ። ቢላውን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ ድንቹን ማየት ጀመረች። «እኔ የምለውማ ስድብ አልነበረም» አለች። «ዶሮው ነው።»

«የቱ ዶሮ?» አለች እትዬ። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ማለት ይሄኔ ነው። በሁለቱ ቤቶች መካከል አንድ ዶሮ እንጂ ሁለት ዶሮ ተወርቶ አያውቅም።

«አጥሩን ዘሎ የኔ ጓዳ ገባ። ባሌ በዚያ ሰሞን ሳንባውን ታሞ ተኝቷል፣ ሉካንዳው ተዘግቷል፣ እህል አልቀምስ ብሏል። ሾርባ አደረግሁት። ከየት አመጣሽው ሲለኝ ከገበያ አልኩት። ጠጣና ዳነ። በሳምንቱ ባልሽ መጥቶ ዶሮዬን በላህ ሲለው፣ ያ ምስኪን በንጹሕ ልቡ ማለ። ሆዱ ውስጥ ይዞት ማለ!» ድምፅዋ ተሰበረ። «ከዚያ በኋላ እንዴት ልንገረው? ዘጠኝ ዓመት አፈርኩ። ሲሞት ነው አፌ የተፈታው። በየቅዳሜው ‹አንተ እውነተኛ ነህ፣ ሌባዋ እኔ ነኝ፣ ያን ጎረቤታችንን እዚያ ስታገኘው ይቅር በላት በልልኝ› እለዋለሁ።»

እትዬ ካርታውን ወደሷ ገፋችላት። «ለማን ነው ያልሽው?» አለች።

ባለ ሉካንዳዋ ካርታውን አየች። ጣቷን አሥራ አምስት ላይ አደረገች። «ለሱ ለራሱ» አለች፣ ነገሩ ገና አሁን እየገባት። «ሃያ ስድስት ዓመት።»

«ሰምቶሻል» አለች እትዬ። ቀጥሎ እሷም መሬት መሬት ማየት ጀመረች። «እንግዲህ ከተነሣ… የኔ ባል ከዚያ ጠብ በኋላ ለእናንተ ቤት ዳቦ የሚሸጠው ከታችኛው መደርደሪያ ነበር።»

«የታችኛው መደርደሪያ ምንድነው?»

«የትናንቱ።»

«ዘጠኝ ዓመት?»

«ዘጠኝ ዓመት። አንድ ሰው በዶሮ ተጠርጥሮ ዘጠኝ ዓመት ደረቅ ዳቦ ይበላል ወይ፣ ሄደህ ይቅርታ ጠይቅ እያልኩ ነው በየቅዳሜው የምጨቀጭቀው። የምነግረው ደግሞ…» እትዬ ሦስት ላይ ጣቷን አደረገች። «የምነግረው ለባልሽ ነው።»

«እኔ እኮ ዱቄቱ ነው እል ነበር!» ብላ ጮኸች ባለ ሉካንዳዋ። «ዘጠኝ ዓመት ጥርሴን የጨረስኩት!» ከዚያ ሁለቱም ሳቁ። እትዬ ልቧን በእጇ ይዛ ሳቀች፣ ሜትር ደንግጦ ሲነሣ «ተቀመጥ» አለችው፣ እንደገና ሳቀች። ባለ ሉካንዳዋ የሳቁን እንባ ስትጠርግ፣ «ወንዶቹ ከታረቁ ቆይተዋል» አለች። «የቀረነው እኛ ነን።»

የቦታው ጉዳይ አምስት ደቂቃ አልፈጀም። ባለ ሉካንዳዋም ከአሥራ አምስተኛው ጎን ቦታ ይዛ ነበርና ሁለቱ ተለዋወጡ፤ ሜትር ካርታው ላይ በላጲስ አጠፋ፣ በእርሳስ ጻፈ፣ ሁለቱም መነጽራቸውን አድርገው እየተቀባበሉ አረጋገጡ። ከባሏ በስተግራ፣ ስንዝር ሳይዛነፍ። ከሰዓት በኋላ ለቄሱ ሲነግሩ ቄሱ ጥቂት አሰቡና፣ «እኛ የጸለይነው በስም እንጂ በቁጥር አይደለም፣ ጸሎቱ ደርሷል» አሉ፤ ለሌሎቹ ቤተሰቦች ማን ይንገር ሲባል ግን ሥራ አለብኝ ብለው ገቡ። የነገሩት ሁለቱ ባልቴቶች ናቸው። ክንድ ለክንድ ተያይዘው ከቤት ቤት ዞሩ፤ ሜትርም ከኋላቸው ካርታውን ይዞ፣ በየደጁ «ይሄ ነው ያጠፋው» እየተባለ ተከተላቸው። የፖስተኛው ልጅ ብቻ ናት ያልተናደደችው። «እኔስ እናት አልነበረኝም» አለች፣ «ለካ ሳላውቅ ለሰው እናት ሳለቅስ ኖሬአለሁ።»

ቅዳሜ ጠዋት ሜትር ወንበሩንና ፔርሙዙን ተሸክሞ እትዬን እስከ ውሃ ጉድጓዱ ጫፍ ድረስ አደረሳት። ወንበሩን ዘረጋላት፣ ተቀመጠች። እሱ ፈንጠር ብሎ ቆሞ ጭቅጭቁ እስኪጀመር ጠበቀ። አልተጀመረም። እትዬ እጆቿን ጭኗ ላይ አድርጋ አፈሩን ታያለች። ሃያ ስድስት ዓመት ያላረፈች ምላስ እንዲህ ጸጥ ስትል ፈራና ጠጋ አለ። ጉንጯ በእንባ ርሷል።

«ምነው እትዬ? ነይ እንሂድ?»

«ምን ብዬ ልጀምር?» አለችው። «ሁሉንም ነገር ለዚያኛው ነው የነገርኩት። ይሄ የሚያውቀው አንድም ነገር የለም። ሃያ ስድስት ዓመት የት ነበርሽ ቢለኝ ምን እለዋለሁ?»

ሜትር ጥፋቱ የሱ መሆኑን ያውቃል። እጁ ኪሱ ገብቶ ሜትሩን ያዘ፣ ግን ለዚህ የሚለካ ነገር የለም።

በሌላው ጫፍ፣ ሦስተኛው ችካል ጋ፣ ባለ ሉካንዳዋ ማጠጫዋን ይዛ ጎንበስ ብላ ነበር። ጆሮዋ ዕድሜዋን አይመስልም። ቀና አለችና፣ ረድፉን ሙሉ አቋርጣ፣ ሃያ አራት ሜትር ድረስ በሚሰማ ድምፅ ጮኸች።

«እኛ ቤት ነበርኩ በዪው!»

እትዬ ወደ ድምፁ ዞረች፣ እንደገና ወደ አፈሩ ዞረች። በመዳፏ ፊቷን ጠረገች። ፔርሙዙን ከፍታ ሻይ ቀዳች፣ ወንበሯን አንድ እርምጃ ወደ ባሏ አስጠጋች።

«ጎረቤት ቤት ነበርኩ» አለችው። «ወሬ ይዞኝ ነው የቆየሁት።»